«ፔፔ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?» ቀኑ ያለፈበት የ72 ሚሊዮን ፓውንድ ጥያቄ

ከ2019 እስከ 2023 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአርሰናል ደጋፊ አንድ ጥያቄ ሳይሰለቸው ሲያላምጥ ከረመ፦ አጥቂው ኒኮላ ፔፔ ይሸጥ ወይስ ይቆይ? በአዲስ አበባ የዲኤስቲቪ ቤቶችም፣ በሚኒባስ ውስጥም፣ በስፖርት ሬዲዮ የስልክ መስመርም ላይ ክርክሩ አንድ ነበር። «ይሸጥ» የሚለው ወገን ዋጋውን ያነሳል፤ «ይቆይ» የሚለው ደግሞ «መች በተከታታይ ተሰለፈና?» ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ቁጥር ትክክል ነበር። ያጡት ቀኑን ነው። አንድ አጥቂ የሚሸጥበት ቀን አለው፤ በፔፔ ጉዳይ ያ ቀን የመጣው ደጋፊው ጥያቄውን በተወበት ሰሞን ነበር።

ግዢው

አርሰናል ፔፔን ከፈረንሳዩ ክለብ ሊል ያስፈረመው ኦገስት 1 ቀን 2019 ነው። ዋጋው 72 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በወቅቱ የክለቡ ክብረ ወሰን፤ ውሉ 5 ዓመት። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ እየተከፋፈለ እንደሚከፈል ያኔ በሰፊው ተዘግቧል። አሰልጣኙ ኡናይ ኤምሪ ግን የፈለገው ሌላ ተጫዋች እንደነበር በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ ራሱ ተናግሯል፤ ክሪስታል ፓላስ የነበረው ዊልፍሬድ ዛሃ። የመጀመሪያው ስንጥቅ እዚህ ጋ ነው። ተጫዋቹን የመረጠው የክለቡ ቢሮ እንጂ አሰልጣኙ አልነበረም። አሰልጣኙም ኖቬምበር 29 ተባረረ፤ በዲሴምበር ሚኬል አርቴታ መጣ። የክብረ ወሰኑ ፈራሚ ገና አራት ወር ሳይሞላው እሱን ያልመረጠ ሁለተኛ አለቃ ሊደረብበት ነው።

ሊል ፔፔን ከአንዤ የገዛው በ2017 በ10 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ሁለት የውድድር ዓመት አጫወተው፣ በሁለተኛው 22 የሊግ ጎል አገባለት፣ ከፒኤስጂ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ሸጠው። ተጫዋቹ 24 ዓመቱ ነበር። ስለ ሽያጭ መማር የሚፈልግ ሰው የሊልን በኩል ቢያነብ ይሻለዋል፤ የአርሰናሉ የሚያስተምረው ስለ መቆየት ነው።

ያ የ22 ጎል ቁጥር ሲገዛ በደንብ አልተፈተሸም። ዘጠኙ የፍፁም ቅጣት ምት ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ ደግሞ ሊል ተከላክሎ፣ ኳስ ነጥቆ፣ በመልሶ ማጥቃት ሲሮጥ የተገኙ ነበሩ። ከፔፔ ጋር አጥቂዎቹ ባምባ እና ኢኮኔ አብረው ይበሩ ነበር፤ ከኋላው ቀኝ ተከላካዩ ቼሊክ እየተደረበ ይወጣል። አርሰናል ውስጥ የፍፁም ቅጣት ምት መቺዎች ኦባሜያንግ እና ላካዜት ነበሩ። ፊት ለፊቱ ያለው ተጋጣሚም ሜዳውን ከፍቶ የሚወጣ ሳይሆን አስር ሰው ሳጥኑ ደጃፍ ላይ የሚያሰለፍ ነው። ስለዚህ ሊል ውስጥ የነበረው 22 ጎል ለንደን ሲደርስ ተመንዝሮ ስንት እንደሚሆን ማስላት ይቻል ነበር። ከ10 እስከ 12 የሚል ግምት ክፉ አይሆንም ነበር፤ እንዳጋጣሚ የተሻለው ዓመቱ የሊግ ቁጥር 10 ነው።

ሜዳ ላይ የሆነው

ፔፔ ግራ እግረኛ ሆኖ በቀኝ መስመር የሚጫወት ነው። ኳሱን ከመስመሩ አጠገብ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይቆርጥና በግራው ይመታል። ይህን ለማስቆም ሁለት ሰው ይበቃል። የተጋጣሚው ግራ ተከላካይ ሰውነቱን አዙሮ ወደ መስመሩ፣ ማለትም ወደ ቀኝ እግሩ መንገድ ይከፍትለታል፤ የመሀል ተጫዋቹ ደግሞ አምስት ሜትር ያህል ወረድ ብሎ የውስጡን በር ይዘጋል። ፔፔ ቆም ይላል፣ ኳሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ይነካካል፣ ወደ ኋላ ያቀብላል ወይም ይነጠቃል። «ኳስ ያበላሻል» የሚለው የደጋፊ እሮሮ ከዚህች አንዲት ትዕይንት የመጣ ነው። በየጨዋታው ስምንት አስር ጊዜ ትደጋገማለች።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ከኋላው ዘልቆ የሚወጣ ቀኝ ተከላካይ። ያ ሰው ሲወጣ የመሀል ተጫዋቹ እሱን ይከተላል፣ የውስጡ በር ይከፈታል። በ2019/20 ግን አርሰናል በዚያ ቦታ ላይ ከከባድ የጉልበት ጉዳት የተመለሰውን ቤየሪንን፣ ቻምበርስን እና ሜትላንድ-ናይልስን ሲያፈራርቅ ነበር የከረመው። ላይ ላዩን የታየው የአጥቂ ድክመት ግማሹ የቀኝ ተከላካይ ችግር ነው። በዚያ ላይ ፔፔ ክረምቱን ግብፅ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ስላሳለፈ ከአዲሱ ክለቡ ጋር ዝግጅት አልሠራም።

ችሎታ የለውም የሚለው ግን ፈጽሞ አያስኬድም። ኦክቶበር 24 ቀን 2019 ከቪቶሪያ ጊማራሽ ጋር በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ጨዋታ ቡድኑ 2 ለ 1 እየተመራ ተቀይሮ ገባና ሁለት የቅጣት ምት አገባ፤ አንዱን በ80ኛው፣ ሁለተኛውን በጭማሪ ሰዓት፤ 3 ለ 2። ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ማንቸስተር ዩናይትድ 2 ለ 0 ሲሸነፍ የመጀመሪያዋ ጎል የእሱ ናት። በኦገስት በኤፍ ኤ ካፕ ፍፃሜ ቼልሲ ላይ ለኦባሜያንግ ሁለተኛ ጎል ኳሷን ያቀበለው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ብልጭታ ነው ክርክሩን ያራዘመው። ፈጽሞ የማይችል ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ማንም አይከራከርም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ድምር በሊጉ 5፣ በሁሉም ውድድር 8 ጎል።

ቀጥሎ ባለው ክረምት ክለቡ ዊሊያንን በነፃ አምጥቶ ለሦስት ዓመት አስፈረመ፤ 32 ዓመት የሞላው የቀኝ መስመር ተጫዋች። 72 ሚሊዮን የፈሰሰበት ሰው ወንበር እንዲያሞቅ ተደረገ። ኖቬምበር 22 ከሊድስ ጋር ዕድል ሲያገኝ ደግሞ የሊድሱን አሊዮስኪን በግንባሩ ገፍቶ በ51ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ አየ። ያን ሳምንት «ይሸጥ» የሚለው ድምፅ ጣራ ነካ። ግን ኖቬምበር ነው፤ የዝውውር መስኮቱ ዝግ ነው፤ ቀይ ካርድ ያየን ተጫዋች በዚያ ሰሞን ማን ይጠይቃል? ደጋፊ የሚጮኸው ሁልጊዜ ዋጋው በወደቀበት ሳምንት ነው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 26፣ ጉዳዩን በእውነት የዘጋው ነገር ሆነ፤ ያኔ ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። አርቴታ ከቼልሲ ጋር በነበረው ጨዋታ ቡካዮ ሳካን በቀኝ መስመር አሰለፈው፤ 3 ለ 1 አሸነፉ፤ ሳካም አንዱን አገባ። ሳካ 19 ዓመቱ ነው፣ ከአካዳሚው የወጣ ነው፣ ግራ እግረኛ ነው፣ ወደ ኋላ ተመልሶም ይከላከላል። የፔፔ ቦታ በነፃ ተያዘ። ከዚያ ቀን በኋላ «ይቆይ» ማለት «ለሳካ ተቀያሪ ይሁን» ማለት ነበር። ለተቀያሪ ምን ያህል ይከፈላል የሚለውን ግን ያሰላ ደጋፊ አልነበረም።

የሜይ 2021 አራት ጨዋታዎች

አርሰናል በ2020/21 መጨረሻ ላይ ዌስት ብሮምን፣ ቼልሲን፣ ክሪስታል ፓላስን እና ብራይተንን ተከታትሎ አሸነፈ። ፔፔ በዌስት ብሮም ላይ 1፣ በፓላስ ላይ 2፣ በመጨረሻው ቀን በብራይተን ላይ 2 አገባ። በአራት ጨዋታ አምስት ጎል። ዓመቱን በሊጉ 10፣ በዩሮፓ ሊግ 6፣ በድምሩ 16 ጎል ይዞ ጨረሰ፤ የሊጉን 29 ጨዋታ በርካታውን ተቀይሮ እየገባ።

«ይሸጥ» ያለው ሁሉ አፉን ዘጋ። «አልናችሁም?» የሚለው ወገን ክረምቱን በኩራት ከረመ። መኪና የሚሸጥ ሰው ደላላ የሚጠራው ሞተሩ በአንድ ቁልፍ በሚነሳበት ጠዋት እንጂ በጋሪ ተጎትቶ በመጣበት ቀን አይደለም። ፔፔ በዚያ ወር መጨረሻ 26 ዓመት ሞላው፣ ውሉ 3 ዓመት ቀርቶታል፣ ጉዳት የለበትም፣ ከፊቱ ያለው የሊግ መረጃ 10 ጎል ይላል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አርሰናል ውስጥ እያለ እንዲህ ያለ ቀን አላገኘም።

ክለቡ ደግሞ ለመሸጥ ምክንያት ነበረው። በሊጉ በ61 ነጥብ 8ኛ ሆኖ፣ ከቶተንሃም በአንድ ነጥብ አንሶ፣ ከአውሮፓ ውድድር ውጪ ቀርቷል። በሳምንት አንድ ጨዋታ ለሚያደርግ ቡድን ሁለት ውድ የቀኝ መስመር ተጫዋች አያስፈልገውም።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር መታከል አለበት። ገበያው ሞቶ ነበር። ስታዲየሞች በኮቪድ ባዶ ከርመዋል። ለፔፔ የተፈጥሮ ገዢ የሚሆኑት የፈረንሳይ ክለቦች ደግሞ ከሁሉም በላይ ተመተዋል፤ ለሊጋቸው የቴሌቪዥን ስርጭት መብት በዓመት ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እከፍላለሁ ያለው ሚዲያፕሮ በዲሴምበር 2020 ውሉን ጥሎ ሄዷል፤ ቦታውን የያዘው አማዞን የሰጠው 250 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ 50 ሚሊዮን ይዞ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ጥያቄው በስንት ቢሸጥ ያዋጣ ነበር የሚለው ነው።

ሂሳቡ

ክለቦች የተጫዋች ግዢ ዋጋን በአንድ ዓመት ወጪ አድርገው አይመዘግቡም። በውሉ ዓመታት ያካፍሉታል። 72 ሚሊዮን ለ5 ዓመት ሲካፈል በዓመት 14.4 ሚሊዮን ነው። በዚህ ስሌት ሁለት ዓመት ካለቀ በኋላ፣ በ2021 ክረምት፣ መዝገብ ላይ የቀረው 43.2 ሚሊዮን ነበር። በ2022 ክረምት 28.8፤ በ2023 ክረምት 14.4።

ደጋፊው «በ72 ገዝተን በ25 እንሸጣለን?» ሲል የተሳሳተውን ቁጥር ይዟል። የተከፈለው ተከፍሏል፤ ሊል በልቶታል። የሚነፃፀረው የመሸጫ ዋጋና መዝገብ ላይ የቀረው ነው። በዚያ ላይ ደሞዝ አለ። በጊዜው የተዘገበው በሳምንት 140,000 ፓውንድ ነው፤ በ52 ሳምንት 7.28 ሚሊዮን። ስለዚህ ፔፔን አንድ ዓመት ማቆየት ማለት 14.4 እና 7.28፣ ወደ 21.7 ሚሊዮን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ግልጥ የሚለው። በ2021 ክረምት በ25 ሚሊዮን ቢሸጥ መዝገቡ ላይ የሚታየው ኪሳራ 18.2 ሚሊዮን ነው። ቆይቶ አንድ ዓመት ብቻ ቢጫወት ወጪው 21.7 ሚሊዮን። ከ21.5 ሚሊዮን በላይ የሚከፍል ማንኛውም ገዢ ቢገኝ በዚያው ዓመት ሂሳብ ብቻ መሸጥ ከማቆየት ይረክሳል፤ ጥሬ ገንዘቡ ደግሞ ጉርሻ ነው። ውሉ እስኪያልቅ ሦስቱን ዓመት ማቆየት ደግሞ 43.2 ሲደመር የሦስት ዓመት ደሞዙ 21.8፣ 65 ሚሊዮን ይሆናል።

ታዲያ ለምን አልተሸጠም? አንደኛ፣ መዝገብ ላይ የሚታይ ኪሳራ ቢሮን ያስፈራል። የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ ያኔ በሦስት ዓመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰርን ይከለክል ነበር፤ በአንድ ፊርማ 18 ሚሊዮን ማስመዝገብ ለማንም ደስ አይልም። 21.7ቱ ግን በየወሩ እየተንጠባጠበ ስለሚወጣ አያስደነግጥም። ሁለተኛ፣ ሻጭ ክለብና ገዢ ክለብ ቢስማሙ እንኳ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ተጫዋቹ። በሳምንት 140,000 የሚያገኝ ሰው ግማሹን ወደሚከፍል ክለብ በፈቃዱ አይሄድም። ልዩነቱን ሻጩ ክለብ ከኪሱ ካልሞላለት ድርድሩ እዚያው ይቆማል። ደጋፊ «ይሸጥ» ሲል ሽያጭ የሦስት ሰው ፊርማ መሆኑን ይረሳል። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ እነዚያ አምስት ጎሎች ናቸው።

ቆየ። በ2021/22 የሊጉን 20 ጨዋታ ገባ፣ ከመጀመሪያው የተሰለፈው አምስቱን ብቻ ነበር። አንድ የሊግ ጎል። በዚያው ዓመት ሳካ 11፣ ስሚዝ ሮው 10፣ ኦዴጋርድ 7፣ ማርቲኔሊ 6 የሊግ ጎል አገቡ። ፔፔ ቢሸጥ ቦታውን ለመሙላት አንድ ሳንቲም አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።

ያቺ አንዲት ጎል ግን ምን ዓይነት ጎል ነበረች! ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4፡45 የጀመረ ጨዋታ፣ ከዎልቭስ ጋር። ቡድኑ ገና በ10ኛው ደቂቃ ገብቶበት እየተመራ ነው። በ82ኛው ንኬቲያ ከቀኝ በኩል ኳሷን ወደ ኋላ መለሰለት፤ ፔፔ በአንድ ንክኪ ተከላካዩን ከጀርባው አድርጎ ዞረ፣ በሁለተኛው መታ፣ 1 ለ 1። በጭማሪ ሰዓት ከላካዜት ጋር ተቀባብለው የላካዜት ምት በበረኛው ጆሴ ሳ ተነክታ ገባች። በማግስቱ ጠዋት «ፔፔ ይሰለፍ» የሚለው መዝሙር እንደ አዲስ ተጀመረ። የጉዳዩን በሽታ በአንድ ምሽት ማሳየት ካስፈለገ ይህ ምሽት ይበቃል፤ አሥራ ምናምን ደቂቃ የሠራች ብልጭታ የአንድ ዓመት ወጪ ታስረሳለች።

በ2022 ክረምት ሁሉም «ይሸጥ» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁለት ዓመት የቀረው፣ አንድ የሊግ ጎል ያገባ፣ 28.8 ሚሊዮን መዝገብ ላይ የተንጠለጠለበት ተጫዋች። በኦገስት መጨረሻ በውሰት ወደ ፈረንሳዩ ኒስ ሄደ፤ ግዴታ የመግዛት አንቀጽ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ውሰት ወጥመድ ነው። ተጫዋቹ ጥሩ ከሠራ ተበዳሪው ክለብ ይደራደራል፤ ከተጎዳ ወይም ወንበር ላይ ከዋለ አንድ ዓመት ውል ቀርቶት ይመለሳል፣ አንድ ዓመት የቀረውን ሰው ደግሞ ማንም አይገዛም፤ በጃንዋሪ በነፃ ለመውሰድ ማነጋገር እየቻለ። ፔፔ ኒስ ውስጥ 6 የሊግ ጎል አገባ፣ የጉልበት ጉዳትም ያዘው፣ ተመለሰ።

አብረውት የነበሩት ሁለቱ

ጉዳዩን በፔፔ ብቻ ማየት ያታልላል፤ በዚያው መልበሻ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ጥያቄ የሚነሳባቸው ሁለት አጥቂዎች ነበሩና።

አሌክሳንደር ላካዜት በ2017 በ46.5 ሚሊዮን ፓውንድ የመጣ ነው። በ2020/21 በሊጉ 13 ጎል አገባ፣ ውሉ አንድ ዓመት ቀረው፣ ዕድሜው 30 ሞላ። በዚያ ክረምት አልተሸጠም፣ ውሉም አልታደሰም። በቀጣዩ ዓመት 4 የሊግ ጎል አገባና በነፃ ወደ ሊዮን ተመለሰ፤ እዚያ በመጀመሪያው ዓመት 27 የሊግ ጎል። «ሸጠነው ነው የተበላነው» የሚል ደጋፊ አጋጥሞን ይሆናል፤ አልተሸጠም፣ ተለቀቀ እንጂ።

ኦባሜያንግ ሌላ ነው። በጃንዋሪ 2018 በ56 ሚሊዮን መጣ፤ በ2019/20 በሊጉ 22 ጎል አገባ፤ በሴፕቴምበር 2020፣ በ31 ዓመቱ፣ የሦስት ዓመት ውል ተሰጠው። ያን ፊርማ ያላከበረ ደጋፊ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት የሊግ ጎሉ ወደ 10 ወረደ። ዲሴምበር 2021 በዲሲፕሊን ምክንያት አምበልነቱን ተነጠቀ፣ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ውሉ ተቋርጦ በነፃ ወደ ባርሴሎና ሄደ። ከአንድ ዓመት በላይ የሚሆን ደሞዝ ተረፈ። ተተኪ ግን አልተገዛም። ባርሴሎና ውስጥ በግማሽ ዓመት 11 የሊግ ጎል ሲያገባ አርሰናል በላካዜትና በንኬቲያ እየተንገዳገደ በቶተንሃም 3 ለ 0፣ በኒውካስል 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ 69 ነጥብ ይዞ ከቶተንሃም በሁለት ነጥብ አንሶ ሻምፒዮንስ ሊግን አጣ። መሸጥም ዕዳ አለው። የመልቀቂያ ቀኑ መስኮቱ ከመዘጋቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ካልቀደመና የተተኪው ስም አስቀድሞ ጠረጴዛ ላይ ከሌለ፣ ደሞዝ የዳነበት በነጥብ ይከፈላል። የአርቴታ ውሳኔ ስለ ሥርዓት ከሆነ ትክክል ነበር፤ የጃንዋሪው ባዶ እጅ ግን ትክክል አልነበረም።

ሦስቱ ሲደመሩ 72፣ 56 እና 46.5፦ 174.5 ሚሊዮን ፓውንድ የገባባቸው አጥቂዎች። ሦስቱም የወጡት በ0።

የተገላቢጦሹ

ማቆየት ሁሉ ስህተት እንዳይመስል ሁለት ስም ማንሳት ግድ ነው። በጁን 2022 ውሉ ሊያልቅ ሲል ኤዲ ንኬቲያ አዲስ የረጅም ጊዜ ውል ፈረመ። ብዙ ደጋፊ ተቆጣ፤ «ለሦስተኛ አጥቂ?» አለ። ንኬቲያ ግን ከአካዳሚው የወጣ ነውና መዝገብ ላይ የሚካፈል ዋጋ የለውም። በኦገስት 2024 ክሪስታል ፓላስ በ25 ሚሊዮን እና እስከ 5 ሚሊዮን በሚደርስ ተጨማሪ ገዛው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በትርፍ የሚመዘገብ። በጎል ከፔፔ የሚበልጥ ሆኖ አይደለም። ውሉ በጊዜ ስለታደሰ ነው። አይሸጥም የተባለው ሰው የሚሸጥ ሆነ።

ሁለተኛው ካይ ሃቨርትዝ ነው። በ2023 ክረምት ከቼልሲ በ65 ሚሊዮን ገደማ መጥቶ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ አንድም አላገባም። በቦርንመዝ ጨዋታ ጓደኞቹ የፍፁም ቅጣት ምቷን አንስተው ለእሱ ሰጡት፤ በዕዝነት የተሰጠች የመጀመሪያ ጎል። «ፔፔ ቁጥር ሁለት» የሚለው ስም ወዲያው ተለጠፈለት። ልዩነቱ ግን ከመጀመሪያው ይታይ ነበር። ሃቨርትዝ ጎል ባያገባም ይሰለፋል፤ በአየር ኳስ፣ በሩጫው፣ ተጋጣሚን በመጫን አሰልጣኙ የሚፈልገውን ሥራ ይሠራል። በዓመቱ አጋማሽ ከመሀል ወደ ፊት ተዛወረና በ13 የሊግ ጎል ጨረሰ። ያላገባ አጥቂን ለመመዘን ጎሉን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ አሰልጣኙ በከባዱ ጨዋታ ከመጀመሪያው ያሰልፈዋል? ሃቨርትዝን አዎ። ፔፔን በ2021/22 አምስት ጊዜ ብቻ።

ለሌላ ተጫዋች ሲሞከር

ይህን ሂሳብ በማንኛውም የተዳከመ አጥቂ ላይ ለመሞከር አራት ቁጥር ይበቃል፤ ሁሉም ከስፖርት ዜና ይገኛሉ። የግዢ ዋጋው ለውል ዓመታቱ ይካፈልና ባለቁት ዓመታት ልክ ይቀነስ፤ የቀረው ይያዝ። የሳምንት ደሞዙ በ52 ይባዛ። የዓመቱ ድርሻና ደሞዙ ይደመሩ፤ ይህ የማቆያ ዋጋው ነው። ከቀረው የመዝገብ ዋጋ ላይ ይህ ሲቀነስ የሚገኘው የወለል ዋጋ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚከፍል ካለ በዚያ ዓመት ሂሳብ መሸጥ ይሻላል። ስህተት የሚመጣው ሁለት ቦታ ነው። ውል ሲታደስ የቀረው ዋጋ በአዲሱ የውል ዘመን እንደገና ይካፈላል፤ ስለዚህ የድሮውን ክፍፍል ይዞ መቀጠል አይቻልም። ሁለተኛ፣ ለተተኪው የሚወጣው ከዚህ ሂሳብ ውጪ ነው። ሳካ ያለው ቡድንና የሌለው ቡድን አንድ ዓይነት ወለል የላቸውም። ቀኑን በተመለከተ፣ ሁለት ዓመት ውል የቀረበት ክረምት የመጨረሻው በር ነው፤ ወይ ይታደስ ወይ ይሸጥ።

መዝገቡ ሲዘጋ

ሴፕቴምበር 2023። የእንግሊዝ መስኮት ተዘግቷል፣ የቱርክ ገና ክፍት ነው። አርሰናልና ፔፔ ውሉን በስምምነት አቋረጡ፤ መዝገቡ ላይ የቀረው 14.4 ሚሊዮን አብሮ ተሰረዘ። ፔፔ በነፃ ወደ ትራብዞንስፖር ሄደ። በቀጣዩ ክረምት እንደገና በነፃ ቪያሪያል ወሰደው፤ ቡድኑ የ2024/25 የስፔን ሊግን 5ኛ ሆኖ ጨርሶ ሻምፒዮንስ ሊግ ገባ፤ ፔፔም በቀኝ መስመር፣ ሰፊ ሜዳ ከፊቱ አግኝቶ፣ በግራ እግሩ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይጫወት ነበር።

የአርሰናል ገጹ ላይ የቀረው 112 ጨዋታ፣ 27 ጎል፣ 21 ለጎል የበቃ ኳስ። በመሸጫ ዋጋ ረድፍ ላይ 0።